ወላጅ ይዘህ ና

ሰኞ ጠዋት ነበር። እንደ ልማዴ በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ይዣለሁ። ባንዲራው ተሰቅሏል፤ መዝሙሩ ተዘምሯል፤ በሩም ተዘግቷል። መንገዱ ጭር ሲል፣ የደንብ ልብሱን በጃኬት የሸፈነ የአሥራ አራት ዓመት ግድም ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ላናግርዎት?»

«እሺ፣ ምን ነበር?»

«ለአሥር ደቂቃ ያህል ወላጅ ይሆኑኛል?»

ሳቄ መጣ። የሳቅሁት በልጁ አይደለም፤ የራሴ ተማሪነት ትዝ ብሎኝ ነው። ወላጅ መከራየት በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ስማር ከክፍላችን አንዱ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ የሰፈሩን ልብስ ሰፊ በአንድ ብር ተከራይቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ቢሮ ገብቶ የልጁ ጥፋት ሲዘረዘርለት ለካ ወላጅነቱን ከልቡ አምኖበት ኖሯል፤ ቀበቶውን ፈትቶ በዳይሬክተሩ ፊት ያን ምስኪን አሳሩን አበላው። ልጁ እያለቀሰ ሲወጣ «ብሬን መልስ!» ማለቱን እስከ ዛሬ ስንገናኝ እያነሣን እንስቃለን።

እናም በዚሁ የጨዋታ ስሜት ዋጋ መነጋገር ጀመርኩ።

«ስንት ትከፍላለህ?»

«ሃምሳ ብር አለኝ።»

«ይህ ሁሉ ሰው እያለ እኔን ለምን መረጥከኝ?»

«መነጽር አለዎት» አለኝ፤ ሳይስቅ። «ባለፈው ሎተሪ አዟሪውን ይዤ ገብቼ፣ ዩኒት ሊደሩ ‹የልጅህ ስም ማን ነው?› ሲለው ጠፋበት።»

«ለመሆኑ ምን አጥፍተህ ነው?»

«ቀርቼ።»

«ስንት ቀን?»

«ዘጠኝ።»

«የት ስትፎርፍ ከረምክ? ፑል ቤት?»

«የትም። እዚሁ ነኝ» አለና በአገጩ የአጥሩን ጥግ አሳየኝ። «በሩ ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ ሆዴን ያመኛል።»

እናቱ ዐረብ አገር ናት። የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው። አክስቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ስለምታስረክብ ከቤት የምትወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ስለ አባቱ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ብደብቅ ደስ ባለኝ። ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው ምላሱ አያርፍምና ስብከት ጀመርኩ። ውሸት ውሎ አድሮ እንደሚጋለጥ፣ ሰው ከልጅነቱ እውነትን መልመድ እንዳለበት፣ አክስቱን ለምኖ ማምጣት እንደሚሻለው አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «እሺ ጋሼ» አለኝና ሄደ። የሄደው ወደ ትምህርት ቤቱ በር አልነበረም።

ያን «እሺ» አውቀዋለሁ። ተስማማሁ ማለት አይደለም፤ እርስዎም ያው ኖት ማለት ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት። ባልወለድኩት ልጅ ስም ፈርሜ ብገባ ሐሰተኛ እሆን ነበር። ነገሩን ወዲያና ወዲህ ሳገላብጠው ግን ጥያቄው ከእኔ መዋሸትና አለመዋሸት ሰፋ እያለ መጣ። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር የቀረው ማን ነው? ልጁ ብቻ ነው? ወይስ ከእሱ በፊት የቀረ ሌላ ሰው አለ?

እስቲ «ወላጅ ይዘህ ና» የምትለዋን ትእዛዝ ረጋ ብለን እንያት። መነሻዋ ክፉ አይደለም። ቤትና ትምህርት ቤት ስለ ልጁ ይነጋገሩ ነው ነገሩ። አሠራሯን ስናይ ግን ጉድ ነው። ዘጠኝ ቀን የቀረው ልጅ ወላጅ እስኪያመጣ ክፍል አይገባም ይባላል። ወላጅ ፍለጋው ሦስት ቀን ቢፈጅ ቀሪው አሥራ ሁለት ሆነ። መቅረትን በማስቀረት መቅጣት እንዴት ያለ ብልኃት ነው? ደግሞም ትእዛዟ የምትቀለው ላለው ነው። እናቱ አጠገቡ ያለች ልጅ በማግሥቱ ይዟት ይመጣል። ችግሩ ከሰው ማጣት የመጣበት ልጅ ግን የታዘዘው የጎደለውን ያንኑ ነገር እንዲያመጣ ነው።

አሁን ወደ ሆዱ ልመለስ። አማርኛ ተናጋሪ ስሜቱን ያስቀመጠው ሆዱ ውስጥ ነው። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፤ ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ ስንጣላ ሆድና ጀርባ እንሆናለን፤ የማይነገር ሲገጥመን ሆድ ይፍጀው እንላለን። ቶሎ የሚከፋውን ሰው ሆደ ባሻ፣ ርኅሩኁን ሆደ ቡቡ ብለን ሰይመናል። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች፣ ልጅ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ሲለን ቀጥ ብለን የምንሄደው ግን ወደ ሰገራ ምርመራ ነው። ላቦራቶሪውም አያሳፍረንም፤ ወይ አሜባ ወይ ጃርዲያ ያገኝልናል። መድኃኒቱ ይዋጣል። ሰኞ ይመጣል። ሆዱም መልሶ ይታመማል። ቅዳሜና እሑድ የማይነሣ አሜባ ግን ምን ዓይነት አሜባ ነው?

ልጁ እየዋሸ አይደለም። ሆዱን የእውነት ያመዋል። ፍርሃት፣ ጭንቀትና ድባቴ በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ አፍ የሚያወጡት በሆድ ቁርጠትና በራስ ምታት ነው። ልጁ የዚያን ዕለት ሲቀር ለአንዲት ጠዋት ይቀልለዋል፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ያመለጠው ትምህርት፣ «የት ጠፋህ?» የሚሉት ጓደኞቹ፣ የሚጠብቀው ቅጣት ተደማምረው ነገን ከዛሬ ያከብዱታል። ዘጠኝ ቀን የቀረ ልጅ ዘጠኝ ጊዜ የወሰነ ሳይሆን፣ በአንደኛው ቀን ጠያቂ ያጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና መታወክ እንደሚገጥመው ይናገራል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው። እኛ ግን ለዚህ ሁሉ ያለችን ቃል አንዲት ናት፦ «ቀሪ»።

ይህን የምጽፈው ከሌላው ተሽዬ አይደለም። አንድ ተማሪ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱን ተጠግቶ የሚቀመጥ፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ብዕሩ ግን የሚናገር ልጅ። ሴሚስተሩ ከተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት መጥፋት ጀመረ። እኔም ስሙን እጠራለሁ፤ መልስ የለም፤ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አገኘኝና «መምህር፣ ትንሽ አሞኝ ነበር» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «የሐኪም ወረቀት አምጣ።» ደንቡ ይህ ነበር። ደንቡን አክብሬያለሁ። ልጁም ከዚያ በኋላ ወረቀትም ይዞ አልመጣም፤ ራሱም አልመጣም። የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ በኋላ ሲነግሩኝ፣ ለሳምንታት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ፣ ከካፌ ዳቦ እየደበቁ ያመጡለት ነበር። በመጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? በዚያው ሴሚስተር የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እያስተማርኩ ነበር። የበዛብህን ብቸኝነት በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ፣ ጥቁር ሰሌዳ ሞልቼ፣ አርባ ተማሪ አስጽፌያለሁ። በመጽሐፍ ውስጥ ላለ ሰው ሆዴ ሲባባ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ባዶ ወንበር የማየው ግን በመዝገብ በኩል ነበር። ያን ልጅ ላድነው እችል ነበር አልልም። ሐኪም አይደለሁም። «ምን ሆነህ ነው?» ማለት ግን ሕክምና መማር አይፈልግም።

ለመሆኑ የአንድ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ማለት ያን ያህል ዋጋ አለው? አለው። ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ካዋይ በምትባለው የሃዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ አርባ ዓመታቸው ድረስ ተከታትላለች። ከነዚህ ውስጥ በድህነት፣ በቤት ውስጥ ጠብ፣ በወላጅ ስካርና ሕመም መካከል ያደጉ ነበሩ። ከእነሱም ቢሆን ከሦስቱ አንዱ ያህሉ ሙሉ ሰው ሆነው ወጡ። ምን ለያቸው ተብሎ ሲፈተሽ፣ ከተገኙት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ የሚወዳቸውና የማይለቃቸው ትልቅ ሰው ነበራቸው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ወላጅ የግድ አልነበረም።

የኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ሌላ ነገር ሞከረ። መቅረት ለሚያበዙ ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ትልቅ ሰው መደበላቸው። ሥራው ተራ ነው፦ ጠዋት በር ላይ ሰላም ማለት፣ ሲቀሩ ቤት መደወል፣ ሲመጡ መምጣታቸውን ደስ ብሎት መናገር። ጉዳዩን ያጠኑት የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዳገኙት፣ ሰው የተመደበላቸው ልጆች ከመሰሎቻቸው ይልቅ በዓመት ወደ ዘጠኝ ቀን የሚጠጋ ትምህርት አትርፈዋል። ዘጠኝ ቀን! የእኔ ደንበኛ የቀረውን ያህል መሆኑ ነው።

ይህን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም የሚል ካለ፣ እኔም እስማማለሁ። የራሳችን ባህል ቀድሞ የገባው ነገር ነው። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ለምን ኖሩ? የጡት አባት ለምን ተፈለገ? ወላጅ ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይታመማል፣ አንዳንዴም አይረባም፤ ስለዚህ ለልጁ ተለዋጭ ሰው በሕይወት እያለን እናዘጋጅለት ብለው ነው አባቶቻችን። የሰፈር ሰው እንኳ ያገኘውን ልጅ «የማን ልጅ ነህ? ለምን ትምህርት ቤት አልሄድክም?» ብሎ የመቆጣት መብት ነበረው። እርግጥ ያ መብት በኩርኩም የታጀበ ነበር፤ ኩርኩሙን አልናፍቀውም። ጥያቄውን ግን እናፍቀዋለሁ። ዛሬ ኩርኩሙን ስንተው ጥያቄውንም አብረን ተውነው። በአጥር ጥግ የተቀመጠ ልጅ አይተን «ወላጆቹ ይወቁበት» ብለን እናልፋለን።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው መምህር ወዳጄ ያለኝን ላስገባ። «አንተ ጡረተኛ ነህ፤ ማኪያቶ እየጠጣህ ትፈላሰፋለህ» አለኝ። «እኔ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ አለኝ። የሁሉንም ሆድ ላዳምጥ? የእኔንስ ማን ያዳምጥልኛል?» እውነቱን ነው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው፣ የቤት ኪራይ የሚያባንነው ሰው በየጠዋቱ ለስድሳ ልጅ አባት ሁን ቢባል ግፍ ነው። ደግሞም የቀረ ሁሉ ሆዱ የባሰው አይደለም። ለጨዋታ የሚፎርፍ አለ። ውኃ ስትቀዳ የምትውል አለች፤ በወር አበባዋ ቀናት የምታደርገው አጥታ የምትቀር አለች። ተርቦ የሚቀርም አለ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር ምግቡ ራሱ ልጅ ይጠራ እንደነበር አይተናል። ከዚህ ሁሉ የከፋም አለ፦ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ትምህርት ቤታቸውን የዘጋባቸው ልጆች ስማቸውን የሚጠራ መዝገብ እንኳ አላገኙም። ስለ እነሱ መቅረት ልጆቹን የሚጠይቅ ካለ ማፈር ያለበት ጠያቂው ነው።

ለወዳጄ የመለስኩለት ይህን ነው። የስድሳውን አባት ሁን አልልህም። አንድ ልጅ ግን ስድሳ ሰው አያስፈልገውም፤ አንድ ይበቃዋል። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ አስተማሪው ብቻ አይደለም ያለው። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አለች፤ ምግብ የሚያቀርቡት እናቶች አሉ፤ ጸሐፊዋ አለች። ሥራው የሚከፋፈል ነው። ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ ከደግ ሰው አልፎ ሐኪም ያስፈልጋል፤ የደግ ሰው ሥራ እዚያ ድረስ እጁን ይዞ ማድረስ ነው። ችግሩ፣ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረውን የአማኑኤልን ስም እንኳ መሰዳደቢያ አድርገነዋል። ልጁ እዚያ ስም አጠገብ እንዳይደርስ ሆድ ይፍጀው ብሎ ቢቀመጥ ምን ይገርማል?

ከዚያች ሰኞ በኋላ በየቀኑ ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ጠበቅሁት። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ የለም። ሐሙስም እንዲሁ። መነጽሬን እየወለወልኩ የአጥሩን ጥግ አያለሁ፤ ማንም የለም። ዓርብ አላስችል ሲለኝ መንገዱን ተሻግሬ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቅኋቸው። ካፖርት የደረቡ፣ ስድሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው።

«ማን? ሆዱን የሚያመው? ውስጥ ነው፣ ጌታው» አሉኝ።

«እንዴት ገባ?»

«ሰኞ ለታ ግንቡ ጥግ ኩርምት ብሎ አገኘሁት። ‹ምነው?› ብለው ‹ወላጅ አጣሁ› አለኝ። በቃ፣ እጁን ይዤ ገባሁ።»

«ማን ነኝ ብለው?»

«ማን ልበል? ‹እኔ ነኝ ወላጁ› አልኳ።»

«ዩኒት ሊደሩ አያውቁዎትም እንዴ?»

«አሥራ አንድ ዓመት! ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ‹ይቀመጡ› አለኝ።»

አክስቱ ጋ የደወሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን ልጁ ጠዋት ሲመጣ እሳቸው ጎጆ ውስጥ ትንሽ ይቀመጣል። ከፔርሙስ ሻይ ይቀዱለታል። ሆዱ ሲረጋ ይገባል። «ምን ይሉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ብልኃት የምማር መስሎኝ። «ኧረ ምንም አልለው። ዝም ብለን እንቀመጣለን» አሉኝ። ቀጥለውም «ረቡዕ ጭራሽ አልገባም፤ እዚሁ ዋለ። ቢሆንም መጥቷል አይደል?»

መንገዱን ተሻግሬ ስመለስ ስለ ውሸት የሰበክሁት ስብከት ጆሮዬ ላይ ይጮኽ ነበር። እኔ እውነቱን ተናግሬ ልጁን ሸኘሁት። እሳቸው «ወላጁ ነኝ» ብለው ያልሆኑትን ተናገሩና ልጁን አስገቡት። ግን ዋሹ? በዚያ ቢሮ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዳቸውም አልተታለሉም። ሽማግሌው የተናገሩት ስለ ወለዱት ልጅ አልነበረም፤ ስለሚቆሙለት ልጅ ነው። ዩኒት ሊደሩም ይህን ስለተረዱ ነው ወንበር ያቀረቡት። ሕዝባችን የተቸገረን ሰው ሲገልጽ «ገንዘብ የለውም» ከማለት ይልቅ «ሰው የለውም» የሚለው ለካ በከንቱ አይደለም። ትምህርት ቤቶቻችን «ወላጅ ይዘህ ና» ከማለታቸው በፊት «ሰው አለህ?» ብለው ቢጠይቁ ምን አለበት? መልሱ «የለኝም» ከሆነ ደግሞ፣ ሰው አምጣ ከማለት ሰው መስጠት አይቀልም?

አንድ ነገር ልጨምር። ስም ሲጠራ ተማሪ «አቤት» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በአማርኛ የኖርኩ፣ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው፣ ይህችን ቃል ልብ ያልኳት ሰሞኑን ነው። «አቤት» አለሁ ማለት ነው። ተበደልኩ፣ ስሙኝ ማለትም ነው፤ አቤቱታ የምንለው ከእሷው ነው። በየጠዋቱ በየክፍሉ ስድሳ ልጅ ተራ በተራ አቤት ይላል። እኛም አለሁ ማለቱን ብቻ ሰምተን ምልክት አድርገን ወደሚቀጥለው ስም እንሄዳለን። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስንት ጊዜ አቤት ብሎ ብሎ ይሆን?

ያ ሦስተኛ ረድፍ ላይ የነበረ ተማሪዬ ይህን ጽሑፍ ያነብ እንደሆነ አላውቅም። ካነበበ፣ የሐኪም ወረቀቱን አልፈልገውም። ምን ሆነህ ነበር?